ሥሩ የታከመ ጥርስ ሥራው ገና አላለቀም

ነጋዴ ሰው ንብረቱን የሚጠብቅበት ብልሃት ብዙ ነው። መጋዘኑን ይቈልፋል፤ ለጭነቱ መድን ይገባል፤ የመኪናውን ዘይት ቀኑን ጠብቆ ያስለውጣል፤ የሱቁ ቆርቆሮ ማፍሰስ ሲጀምር ክረምቱ ሳይገባ ያሳድሳል። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን በአፉ ውስጥ ስላለው ንብረት ሲጠየቅ፣ «ሲያመኝ አስብበታለሁ» ብሎ ያልፋል። ታምሞ ከታከመ በኋላም ሕመሙ የተወው ዕለት ጉዳዩን እንደ ተዘጋ ሒሳብ ይቈጥረዋል። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ሒሳቡ ገና ያልተዘጋ መሆኑን ማስረዳት ነው።

የተከበራችሁ የንግድ ምክር ቤት አባላትና አንባቢያን፤ ስለ ሰሊጥና ስለ ወርቅ፣ ስለ ጭነት ዋጋና ስለ ውጭ ምንዛሪ በሚጻፍበት በዚህ ዜና መጽሔት፣ ጥርስን የሚያነሣ ጽሑፍ ከቦታው የወጣ ይመስል ይሆናል። እኔም ሐኪም አይደለሁም፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ ሆኜ የምሠራ ሰው ነኝ። ነገር ግን ደብዳቤውን የምጽፈው፣ የመንገዱን ወጪ የምመዘግበው፣ ነጋዴው በታመመበት ሳምንት ሳይፈጸም የቀረውን ውል የማየው እኔ ስለሆንሁ፣ ጉዳዩ የሕክምና ብቻ ሳይሆን የንግድም መሆኑን ለመናገር የሚከለክለኝ ያለ አይመስለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት የአፍና የጥርስ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ቍጥር ወደ 3.5 ቢሊዮን እንደሚደርስ ገልጿል። በአሶሳ ገበያ የሚገናኘው ገዥና ሻጭ ሁሉ ከዚህ ቍጥር ውጭ ነው ብሎ የሚያስብ አይኖርም።

በመጀመሪያ «ሩት ካናል» ወይም በተለምዶ «ነርቭ ማውጣት» የሚባለው ሕክምና ምን እንደ ሆነ ባጭሩ ልግለጽ። ጥርስ ከላይ ሲያዩት እንደ ባልጩት የጠጠረ ይምሰል እንጂ በመካከሉ ክፍት ቦታ አለው። በዚያ ክፍት ቦታና ወደ ሥሩ በሚወርዱት ቀጫጭን ቦዮች ውስጥ ነርቭና የደም ሥር ይገኛሉ። አባቶቻችን የጥርስ ትል የሚሉት መበስበስ ወደዚያ ሲዘልቅ ሌሊት የማያስተኛው ሕመም ይነሣል፤ ቈይቶም ነርቩ ይሞትና መግል ይቋጥራል። ሐኪሙም ጥርሱን ከላይ ከፍቶ የተበላሸውን በቀጫጭን ሞረዶች ያወጣል፤ ቦዮቹን በመድኃኒት ያጥባል፤ በመጨረሻም ጉታ ፐርካ በሚባል ነገር ይሞላቸዋል። ይህ ጉታ ፐርካ ለነጋዴ ጆሮ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከሚበቅል ዛፍ ወተት የሚገኝ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት በባሕር ውስጥ ለሚዘረጋው የቴሌግራፍ ሽቦ ልባስ እየሆነ በዓለም ገበያ የተሸጠ ዕቃ ነው።

ሕክምናው በሚገባ ከተሠራ ሕመሙ ይጠፋል፤ መግሉም ይደርቃል። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የታከመው ሥሩ ነው፤ የሚያኝከው ግን አናቱ ነው። ሥሩ ዳነ ማለት አናቱ በረታ ማለት አይደለም።

ታዲያ ጥርሱ የሚዳከመው ለምንድን ነው? ብዙ ሰው ነርቩ ከወጣለት በኋላ ጥርሱ እንደ ደረቀ እንጨት ተሰባሪ ይሆናል ይላል። ይህ አነጋገር በሐኪሞችም ዘንድ ረጅም ዘመን ሲነገር የኖረ ነው። ይሁን እንጂ ሴጅሊና ሜሰር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ሥራቸው የታከመ ጥርሶችን በዚያው ሰው አፍ በሌላው ጐን ከሚገኙት ሕያው አቻዎቻቸው ጋር አነጻጽረው ሲፈትኑ፣ የጥርሱ አካል ራሱ ይህን ያህል ተሰባሪ አለመሆኑን አሳይተዋል። ድካሙ የሚመጣው ከጐደለው ግድግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ሪህ፣ ሜሰርና ዳግላስ ባደረጉት ምርመራ፣ ወደ ነርቩ ለመግባት የሚከፈተው ቀዳዳ ብቻውን የጥርሱን ግትርነት የሚቀንሰው በ5 በመቶ ያህል ነው፤ በማኘኪያው ፊት ላይ ብቻ የተቈፈረ ጒድጓድ በ20 በመቶ ያህል ይቀንሰዋል፤ የፊትና የኋላ ጐኖቹ ሁለቱም ሲፈርሱ ግን የሚቀንሰው 63 በመቶ ያህል ነው።

ይህን ለመረዳት የጎጆ ቤት አሠራር ማሰብ ይበቃል። ቋሚዎቹ እንዳይከፈቱ አስሮ የያዛቸው ማገሩ ነው። ማገሩን አውልቀህ ጣራውን ብትጭንበት ቋሚዎቹ ወደ ውጭ ይገፋሉ። የመንጋጋ ጥርስም የፊትና የኋላ ጐኑ ሲበላ ማገሩ እንደ ወጣ ቤት ነው። ባለቤቱ ቆሎ ባኘከ ቍጥር የጕንጩና የምላሱ ወገን ግድግዳዎች በጥቂት በጥቂቱ ይከፈታሉ፤ አንድ ቀንም ከመካከሉ ይሰነጠቃል። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል የተጠቀጠቀው ሙሌት ቀዳዳውን ይደፍናል እንጂ ግድግዳዎቹን ከውጭ አቅፎ አይይዝም።

ከውጭ አቅፎ የሚይዘው ክራውን ወይም የጥርስ ሽፋን የሚባለው ነው። ስለ ጥቅሙ የሚናገሩት ቍጥሮች ሒሳብ ለሚያውቅ ነጋዴ ግልጽ ናቸው። ሶረንሰንና ማርቲኖፍ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት 1,273 ሥራቸው የታከመ ጥርሶችን መርምረው፣ ሽፋን የተደረገላቸው የኋላ ጥርሶች ሳይሰበሩ የመቈየት ዕድላቸው በእጅጉ የተሻለ መሆኑን አሳይተዋል። አኩዊሊኖና ካፕላን እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ ሽፋን ያልተደረገላቸው ጥርሶች ከተሸፈኑት ይልቅ በ6 እጥፍ ፍጥነት ጠፍተዋል። ከሁሉ ይልቅ ዐይን የሚከፍተው በታይላንድ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ነው። በዚያ ጥናት ሥራቸው ታክሞ ሽፋን ካልተደረገላቸው መንጋጋዎች መካከል በ1 ዓመት 96 በመቶው፣ በ2 ዓመት 88 በመቶው ደኅና ሆነው ሲገኙ፣ በ5 ዓመት የተረፉት 36 በመቶ ብቻ ናቸው።

ይህ የመጨረሻው ቍጥር በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም ደኅና ይመስላል። ጥርሱ አያምም፤ ያኝካል፤ ባለቤቱም «ያለ ሽፋን ይኸው ሠራልኝ» ይላል። ለዱቤ ደንበኛ ሲሰጡ የመጀመሪያውን ዓመት በደንብ የከፈለ ሰው በሦስተኛው ዓመት ጠፍቶ እንደሚቀረው ያለ ነገር ነው። እርግጥ ነው፣ እነዚህ ጥናቶች ያለፈውን መዝገብ በመመልከት የተሠሩ ስለሆኑ ለእያንዳንዱ ጥርስ ትንቢት አይሆኑም። በታይላንዱም ጥናት ግድግዳቸው ብዙ ያልጐደለ መንጋጋዎች ያለ ሽፋንም በ5 ዓመት 78 በመቶ ያህል ተርፈዋል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ከጥርሱ ምን ያህል ተረፈ የሚለው ነው።

የሽፋኑ ኀይል የሚገኘው ከቀለበትነቱ ነው። የመጥረቢያ ዛቢያ እንዳይሰነጠቅ በብረት ቀለበት እንደሚታሰር፣ የተሰነጠቀ ጋንም በጠፍር እንደሚታሰር፣ ሽፋኑ ከድድ በላይ የቀረውን ጤነኛ የጥርስ አካል ዙሪያውን ይይዘዋል። ለዚህም ከድዱ በላይ ዙሪያውን ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጤነኛ ግድግዳ መቅረት አለበት። ጋን በጠጠር ይደገፋል እንደሚባለው፣ መላው ሥራ የሚቆመው በዚህች በ2 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። በመዘግየት የሚጠፋውም ይኸው ነው። ጊዜያዊው ሙሌት እየተበላ፣ መበስበሱም እንደ ገና እየጀመረ በሄደ ቍጥር ቀለበቱ የሚይዘው ግድግዳ ያልቃል። ነርቩ ስለ ወጣም አዲሱ መበስበስ እንደ ቀድሞው በሕመም አያስጠነቅቅም፤ ሌባ ሲገባ የሚጮኸው ውሻ ከቤቱ ወጥቷልና።

እዚህ ላይ ስለ ችካል ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አንዳንድ ሰው በሥሩ ቦይ ውስጥ ብረት ከተተከለ ጥርሱ ይጠነክራል ብሎ ያምናል። ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም፤ ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው መጽሐፉ በሥር ውስጥ ስለሚተከል የብረት ችካል ጽፏል። ነገር ግን የዛሬ ሐኪሞች የተስማሙበት ነገር ችካል ጥርስን የማያጠነክር መሆኑ ነው። ሥራው ብዙ አካል ለጐደለው ጥርስ በላዩ የሚገነባውን ሙሌት መያዝ ብቻ ነው። ቦታ ለማግኘት ሲባል ሥሩ ከመጠን በላይ ከተቦረቦረማ ጒዳት ያመጣል። የብረት ችካል ከጥርስ አካል ይልቅ እጅግ ግትር ስለሆነ ጫናውን ወደ ሥሩ ያስተላልፋል፤ ሥሩ በቁመቱ ከተሰነጠቀ ደግሞ የሚተርፍ ጥርስ የለም። እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ የተስፋፋው ከቃጫ የተሠራ የፋይበር ችካል ግትርነቱ ወደ ጥርስ አካል የቀረበ በመሆኑ፣ ቢበላሽ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ሥሩን ሳይሰነጥቅ ይነቀላል። በቂ ግድግዳ ላለው መንጋጋ ግን ችካል ከነጭራሹ አያስፈልገውም።

ሁሉም ጥርስ ይሸፈን ማለቴም አይደለም። የፊት ጥርስ የሚቈርጥ እንጂ የሚፈጭ ስላልሆነ፣ ግድግዳው ካልጐደለ ቀዳዳውን በጥሩ ሙሌት መድፈን ይበቃዋል። ከላይ የጠቀስሁት የ1984ቱ ጥናትም ለፊት ጥርሶች ሽፋን የጐላ ጥቅም አለማሳየቱን መዝግቧል። እንዲሁም ከድድ በታች ተሰብሮ ወይም ሥሩ ተሰንጥቆ የቀረ ጥርስ ቢነቀል ይሻላል። ያለ አስፈላጊነት ሽፋን ማሠራት ደኅና የጥርስ አካል ማስፋቅና ገንዘብ ማባከን ነው። ሰው ማወቅ ያለበት የቱ ጥርስ ሽፋን እንደሚሻና የቱ እንደማይሻ ነው።

አንድ ከመዝገቤ የማውቀውን ነገር ልጨምር። አሠሪዬ ከጥቂት ዓመታት በፊት የታችኛው መንጋጋቸው ታምሞ ወደ አዲስ አበባ ሄደው ነበር። ከአሶሳ በባምባሲ፣ በመንዲና በነቀምቴ አድርጎ የሚሄደው መንገድ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሥሩ ታክሞላቸው በጊዜያዊ ሙሌት ተደፍኖ፣ ለሽፋኑ በወሩ እንዲመለሱ ተነገራቸው። ወሩ ሲደርስ የሰሊጥ ግዥ ወቅት ሆነ። «ምንም አላመመኝ፤ ወቅቱ ይለፍ» አሉኝ። እኔም የሐኪሙን ቀጠሮ በደብተሬ ጽፌ ሁለት ጊዜ አሳሰብኋቸው። ወቅቱ አለፈ፤ ሌላም ወቅት መጣ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ በምሳ ላይ ሳሉ ጥርሱ ከመካከሉ እስከ ሥሩ ተከፈለ። ተነቀለ።

ከዚያ በኋላ ሒሳቡን የደመርሁት እኔ ነበርሁ። የመጀመሪያው ሕክምና ዋጋ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የአልጋና የምግብ ወጪ፣ ከዚያም የመንቀያው ዋጋና ሁለተኛው ጕዞ በየመሥመሩ ገቡ። ሐኪሙ የወሰደው ገንዘብ ከመንገዱና ከአልጋው ወጪ ያነሰ ሆኖ አገኘሁት። ቀርቶ የነበረው ሽፋን ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ወጪ ዋናው ገንዘብ ሳይነካ የሚያገለግል ንብረት ይሆን ነበር። ስላልተሠራ ግን ሁሉም ኪሣራ ሆነ። አሠሪዬ ድምሩን አይተው ዝም አሉ፤ በኋላም፣ «ይህን ለሌላው ንገር» አሉኝ። የዚህ ጽሑፍ ፈቃድ ከዚያ የመጣ ነው።

«ነቅሎ መገላገል እያለ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን?» የሚሉ አሉ። መንቀል አንዳንድ ጊዜ ትክክል መሆኑን ተናግሬአለሁ። ነገር ግን የተነቀለ መንጋጋ ቦታው ባዶ ሆኖ ቢቀር ጎረቤቶቹ ቀስ በቀስ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ከላይ ወይም ከታች ትይዩ የነበረውም ጥርስ ከመስመሩ እየወጣ ይመጣል። ልተካ ቢሉም፣ ብሪጅ ለማሠራት ሁለቱን ጎረቤት ጥርሶች ማስፋቅ የግድ ነው፤ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከለው የታይታኒየም ብሎን ደግሞ ከሽፋን ይልቅ ውድ ነው። ስለዚህ በቂ ግድግዳ ላለው ጥርስ ሽፋን ከሁሉ ርካሹ መንገድ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ብሂል ለዚህ ጉዳይ በልክ የተሰፋ ይመስላል።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ነጋዴዎቹ ልመለስ። በእኔ አስተያየት የአሶሳና የክልላችን ሰው ሕክምናውን በግማሽ የሚተወው በቸልተኝነት ብቻ አይደለም፤ ዋናው ምክንያት ርቀት ነው። ሽፋን በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ እምብዛም አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ጥርሱ ተስተካክሎ ልኩ ይወሰዳል፤ ልኩም ወደ ጥርስ ላቦራቶሪ ሄዶ ሽፋኑ ይሠራል፤ በሌላ ቀን ይገጠማል። በመካከሉ ያለውን ጊዜ አዲስ አበባ ተቀምጦ መጠበቅ ለባለ ሱቅ ከባድ ነው። ይሁን እንጂ መጓዝ ያለበት ሰውየው ነው ወይስ ልኩ? ሸቀጥ የሚልክና የሚያስመጣ ሰው ይህን ጥያቄ ከማንም በፊት ሊያነሣው ይገባ ነበር።

መልሱ ያለው በልክ መውሰጃው ዕቃ ዐይነት ላይ ነው። አልጂኔት የሚባለው ርካሹ ዕቃ ውሃ ስለሚለቅ ቅርፁ ቶሎ ይለወጣል፤ ወዲያውኑ ጄሶ ካልፈሰሰበት ለላቦራቶሪ አይሆንም። አዲሽን ሲሊኮን የተባለው ግን በሚገባ ከተያዘ ለብዙ ቀናት ቅርፁን ይጠብቃል። ይህ ማለት በክልላችን የሚሠራ የጥርስ ሐኪም ልኩን ወስዶ በአውሮፕላን ጭነት ወደ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ሊልክ፣ ሽፋኑም በዚያው መንገድ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። ዛሬማ በአፍ ውስጥ በሚገባ ካሜራ ልኩን አንሥቶ በኢንተርኔት መላክም ተችሏል። ታካሚው ከሱቁ ሳይርቅ ሁለት ጊዜ ወደ ሐኪሙ ብቅ ይላል፤ መንገደኛ የሚሆነው በእጅ መዳፍ የምትያዘው ሣጥን ነች። የሲሊኮኑ ዋጋ ከአልጂኔት ቢበልጥም ከአንድ ሰው የደርሶ መልስ ጕዞ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ስለዚህ ለአስመጪዎች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የሕክምና መሣሪያ እንደ መድኃኒቱ ሁሉ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112/2011 መሠረት በቍጥጥር ሥር ያለ ዕቃ ነው፤ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ በሻንጣ ተጐትቶ የሚገባ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህም ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በብር ሲተመን ምን ያህል እንደ ጨመረ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። አንድ ክሊኒክ ለብቻው ጥቂት የፋይበር ችካልና አንድ ካርቶን ሲሊኮን ቢያዝ ዋጋው ይከብደዋል። ብዙ ክሊኒኮች ትእዛዛቸውን አንድ ላይ ቢያደርጉና ፈቃድ ያለው አስመጪ ቢቀበላቸው ግን ጭነቱም ትራንዚቱም ይቀላል። ይህ በሰሊጥም በቡናም የምናውቀው አሠራር ነው።

ስለ አያያዙም መጠንቀቅ ይገባል። ሙሌቱን ከጥርሱ ጋር የሚያጣብቁት ፈሳሾች የተገኙት ማይክል ቡኦኖኮር እ.ኤ.አ. በ1955 የጥርስን ገጽ በአሲድ በማሻከር ሙሌት እንዲይዝ ማድረግ እንደሚቻል ካሳየ በኋላ ነው። እነዚህ ፈሳሾች ሙቀት ያበላሻቸዋል። አብዛኞቹ በቀዝቃዛ ቦታ፣ ገሚሶቹም በማቀዝቀዣ እንዲቀመጡ በማሸጊያቸው ላይ ተጽፏል። በመጋቢት ሙቀት በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ የሰነበተ ማጣበቂያ ቀኑ ባያልፍበትም ሥራውን አይሠራም። ሽፋኑ በስድስት ወር ሲወልቅ የሚወቀሰው ሐኪሙ ነው፤ ጥፋቱ ግን የመጋዘኑ ሊሆን ይችላል። ወደ ኩርሙክ ቈላ ዕቃ የሚልክ ነጋዴ ደግሞ ይህን በእጥፍ ሊያስብበት ይገባል።

ከሁሉ በፊት ላነሣው የሚገባኝን ወርቅ ወደ መጨረሻ አቈየሁት። የቤኒሻንጉል ወርቅ ዝናው ሩቅ ነው፤ የግብጹ ገዥ መሐመድ ዐሊ እ.ኤ.አ. ከ1820 ጀምሮ ጦሩን ወደ ሱዳንና ወደዚህ አቅጣጫ ያዘለቀበት አንዱ ምክንያት እርሱ ነበር። ለጥርስ ሽፋንም ወርቅ ከጥንት ጀምሮ የተመሰገነ ነው። ዊልያም ታጋርት የተባለው አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1907 ወርቅን በሰም ቅርፅ ለክቶ ለጥርስ የሚያቀልጥበትን ዘዴ ካስተዋወቀ በኋላ ሥራው ተስፋፋ። የወርቅ ቅይጥ አይዝግም፤ ስስ ሆኖ ስለሚሠራ ከጥርሱ ብዙ አያስፍቅም፤ ትይዩ የሆነውንም ጥርስ አይሞርድም። ንጹሕ ወርቅ ግን ለማኘክ ልል ነውና ከብር፣ ከመዳብና ከመሳሰሉት ጋር መቀየጥ አለበት። ስለዚህ ለጌጥ ብሎ በአንጥረኛ እጅ ጥርሱን የሚያስለብጥ ሰው ካለ ልመክረው እወዳለሁ፤ በልኩ ያልተገጠመ ልባስ ከሥሩ ምግብ እያጠራቀመ ጥርሱን የሚያበሰብስ ሽፋን ነው። ዛሬ በብረት ላይ የተለበጠ ሸክላና ዚርኮኒያ የተባለው ነጭ ሽፋንም ስላሉ፣ ወርቅ የሌለው ሰው የሚያጣው ነገር የለም።

ለባለ ሱቆችም አንድ ቃል አለኝ። የተሸፈነ ጥርስ ብረት ሆነ ማለት አይደለም፤ ከሽፋኑ ጠርዝ በታች ያለው አካል አሁንም ይበሰብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና እ.ኤ.አ. በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በመደርደሪያችሁ ላይ ያለው ሳሙና የፍሎራይድ መጠኑ ከ1,000 እስከ 1,500 ፒፒኤም መሆኑን፣ ቀኑም ያላለፈ መሆኑን ተመልከቱ። መፋቂያ የለመደ ሰው መፋቂያውን ይተው አልልም፤ ሳሙናውን ይጨምርበት እንጂ። የጆንያ ሲባጎ በጥርስ መበጠስ፣ የለስላሳ ቆርኪ በመንጋጋ መክፈት፣ አጥንት መቈርጠም ግን በእኛ ሙያ የተለመደ ክፉ ልማድ ነው። በየሱቁ አንድ መቀስና አንድ መክፈቻ በገመድ ታስሮ ቢሰቀል ወጪው ከምንም አይቈጠርም።

ሥሩን ሊያሳክም የሚሄድ ሰው ሁሉ ከሐኪሙ ዘንድ ሳይነሣ የሚከተሉትን ቢጠይቅ መልካም ነው።

1ኛ. ከጥርሴ ምን ያህል ጤነኛ ግድግዳ ተረፈ? ከድዱስ በላይ ዙሪያውን 2 ሚሊ ሜትር ያህል አለ ወይ?

2ኛ. ይህ ጥርስ ሽፋን ያስፈልገዋል ወይስ ሙሌት ይበቃዋል? ካስፈለገውስ እስከ መቼ ድረስ መሠራት አለበት?

3ኛ. አሁን የተደፈነው ጊዜያዊ ነው ወይስ ቋሚ? ጊዜያዊ ከሆነ ስንት ሳምንት ይቈያል?

4ኛ. ሽፋኑን ዛሬ ለማሠራት ባልችል፣ የማኘኪያውን ጫፎች ዝቅ አድርገው ሁሉንም የሚሸፍን ጠንካራ ሙሌት በዚሁ ቀጠሮ ሊሠሩልኝ ይችላሉ ወይ?

5ኛ. ልኩ ተወስዶ ሽፋኑ ወዳለሁበት ከተማ ሊላክልኝ ይቻላል ወይ?

አራተኛው ጥያቄ በተለይ ለሩቅ አገር ሰው የተነሣ ነው። እንዲህ ያለው ሙሌት እንደ ሽፋን ባይሆንም ግድግዳዎቹን ከላይ አቅፎ በመያዝ ጊዜ ይሰጣል። ገንዘብ ለጊዜው ያነሰውም ሰው ጥርሱን ባዶውን ከመተው ይልቅ ይህን ቢያሠራ የተሻለ ነው።

በመጨረሻ ለምክር ቤታችን የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ምክር ቤቱ ለክልሉ ጤና ቢሮና በክልላችን ለሚሠሩ የጥርስ ባለሙያዎች ደብዳቤ ይጻፍ፤ ልኩ እዚህ ተወስዶ ሽፋኑ አዲስ አበባ የሚሠራበትን መንገድ እንዲነጋገሩበት ይጠይቅ። ፈቃድ ያላቸው አስመጪዎችም የሲሊኮን፣ የማጣበቂያና የፋይበር ችካል ትእዛዝ በአንድነት የሚሰበሰብበትን ቀን ይወስኑ። ሕንፃ መሥራት አያስፈልግም፤ ትልቅ በጀትም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ደብዳቤ፣ ሣጥንና የጭነት ደረሰኝ ነው፤ በእነዚህ በሦስቱ ደግሞ ከነጋዴ የሚበልጥ ባለሙያ የለም። ሥሩ ታክሞለት ጊዜያዊ ሙሌት በአፉ ይዞ የሚዞር አባል ካለ ግን፣ የምክር ቤቱን ደብዳቤ ሳይጠብቅ በዚህ ሳምንት ቀጠሮውን ይጠይቅ።